መጽሐፉ ሲዘጋ የሚቀረው

(ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በተዘጋጀ ክፍት ንግግር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያው ላይ «የአጠናን ዘዴና ተነሳሽነት» ተብሎ ወጥቷል። ርእሱን የመረጥሁት እኔ አይደለሁም፤ ቢሆንም አልተቃወምሁትም። በዚህ ርእስ የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ «ጠንክራችሁ አጥኑ፣ ጊዜያችሁን በአግባቡ ተጠቀሙበት፣ ተስፋ አትቁረጡ» ብሎ ያበቃል። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ጠንክሮ አጥንቶ የወደቀን ተማሪ ምንም አይረዳውም፤ እንዲያውም ቁስሉን ያባብስበታል። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ስለዚያ ተማሪ ነው።

በየዓመቱ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት በተገለጸ ሳምንት ቢሮዬ ድረስ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። አገባባቸው ይመሳሰላል። በሩን በቀስታ ያንኳኳሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም፣ ከዚያም «መምህር፣ እኔ እኮ አጥንቻለሁ» ይላሉ። ማስተማር በጀመርሁ ሰሞን ይህን ስሰማ በልቤ «ቢያጠና ኖሮ መች ይወድቅ ነበር» እል ነበር። አሁን አምናቸዋለሁ። አብዛኞቹ እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ሰዓት ከመጽሐፍ ጋር ተቀምጠዋል። ያልተገነዘቡት ነገር ቢኖር፣ ከመጽሐፍ ጋር መቀመጥና ማጥናት አንድ ነገር አለመሆናቸውን ነው።

ይህን በደንብ እንድትረዱልኝ የራሴን የአንደኛ ዓመት ታሪክ ላስቀድም። በአንድ መኝታ ክፍል ስምንት ሆነን እንኖር ነበር። ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው ልጅ ከክፍሉ ሁሉ ትጉ ነበር። እራት እንደ በላ ላይብረሪ ይገባል፤ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ድረስ አይወጣም። ሃንድአውቱን ሁሉ ኮፒ አስደርጎ፣ በቢጫ ቀለም አስምሮ፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ደግሞ አስምሮበት ነበር። አንዱን ምዕራፍ ስድስት ሰባት ጊዜ እንዳነበበ ሲናገር እሰማው ነበር፤ ሐሰት አልነበረም። እኔ ደግሞ ኮፒ ማስደረጊያ ገንዘብ አልነበረኝም። ስለዚህ እሱ ሲተኛ ሃንድአውቱን እዋሰውና በኮሪደሩ መብራት ሥር አንድ ሁለት ሰዓት አነበዋለሁ። ማለዳ ላይ መመለስ አለብኝ። ቀኑን ሙሉ በእጄ ምንም የለም። ምን እንዳነበብሁ ለማወቅ ከፈለግሁ ከራሴ ማውጣት ነበረብኝ፤ በካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ በመንገድ ስሄድ፣ በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ እየጻፍሁ። ያልመጣልኝን ነገር ምልክት አድርጌ፣ ማታ ሃንድአውቱ እጄ ሲገባ በመጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነበር።

በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ እኔ አለፍሁ። የሃንድአውቱ ባለቤት ከትምህርት ተሰናበተ። ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሸኘነው እኔና አንድ ሌላ ልጅ ነን። በመንገድ ላይ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ነበር፤ ስለ አውቶቡሱ ዋጋ አወራን።

ለብዙ ዓመታት ይህን ነገር በዕድል ስተረጉመው ኖርሁ። በኋላ ወደ ሥነ ልቦና ትምህርት ገብቼ ስለ ትውስታ የተጻፉትን ጥናቶች ሳነብ ግን ነገሩ ከዕድል ያለፈ መሆኑ ገባኝ። ድህነቴ ሳላውቀው ትክክለኛውን አጠናን አስገድዶኝ ነበር። በእርግጥ የሁለት ልጆች ታሪክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ጥናቶቹ እንለፍ።

የመጀመሪያው ሰው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ትውስታ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተመራማሪውም ተመራማሪው የሚፈትነው ሰውም ራሱ ነበር። ትርጉም የሌላቸው 2,300 ያህል ክፍለ ቃላት አዘጋጀ፤ በዝርዝር በዝርዝር እየከፈለ በቃሉ ያጠናቸዋል፤ ከዚያ የተወሰነ ጊዜ ያሳልፍና እንደ ገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደ ተረፈለት ይለካል። ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ ያህሉ ተርፎለታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ። ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ። ከ31 ቀን በኋላ ግን 21 በመቶ ነው። ልብ በሉ፤ ትልቁ ኪሳራ የደረሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ ዝግ ያለ ነው። ትርጉም ያለውን ትምህርት እንደዚህ በፍጥነት አንረሳውም፤ ይሁንና የመርሳቱ ጠባይ ተመሳሳይ ነው። ሰኞ የሰማችሁትን ሌክቸር ለፈተናው ሳምንት ስታቆዩት፣ የቆየው ትምህርቱ ሳይሆን ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥናት ለዛሬው ንግግሬ ዋናው ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አጭር የሳይንስ ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በአራት የአምስት አምስት ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥቶታል። ሌላው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበ፤ እሱም 3 ጊዜ ተኩል እንኳ አይሞላም። በቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜያት ጽሑፉ ተወስዶበት፣ በባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሰውን ሁሉ እንዲጽፍ ተደረገ። የጻፈውም አልታረመለትም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው ቡድን 83 በመቶ አስታወሰ፤ ሌላው 71 በመቶ። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ጓደኛዬ ትክክል ነበር ማለት ነው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን 14 ጊዜ ያነበበው ቡድን የቀረው 40 በመቶ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ከራሱ ያወጣው ቡድን 61 በመቶ ይዟል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ተማሪዎቹን «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውሱ ይመስላችኋል?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው።

ይህን ስሰማ የመኝታ ክፍላችን ልጅ ትዝ አለኝ። ከፈተናው በፊት በነበረው ሌሊት ከእኔ ይልቅ የተረጋጋው እሱ ነበር።

ለምንድን ነው እንዲህ የምንታለለው? አንድ ጽሑፍ ለሰባተኛ ጊዜ ስታነቡት ዓይናችሁ ሳይሰናከል ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር «አውቀዋለሁ» ያሰኛል። በእርግጥም ታውቁታላችሁ፤ ግን ፒያሳ ላይ ድንገት ያገኛችሁትን የድሮ ጎረቤት እንደምታውቁት ነው። ፊቱ አይጠፋችሁም፤ ሰላም ትሉታላችሁ፣ ስለ ቤተሰቡ ትጠይቁታላችሁ፣ ስሙን ግን ብትሞቱ አታመጡትም። ፈተና የሚጠይቀው ስሙን ነው። መጽሐፉ ፊት ለፊታችሁ ተከፍቶ ሳለ ደግሞ ስሙ ጠፍቷችሁ እንደሆነ ማወቅ አትችሉም፤ ምክንያቱም ገጹ ይነግራችኋል። መጽሐፉን ዘግቶ ለማስታወስ መታገል ደስ አይልም። ይጎረብጣል፣ ያሳፍራል፣ የማናውቀውን ያሳየናል። ስለዚህ ሸሽተን ወደ ማንበብ እንመለሳለን። አእምሮ ግን የሚያጠናክረው የተጎተተበትን መንገድ ነው፤ ያ ጉርብጥብጥ ስሜት ሥራው እየተሠራ የመሆኑ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ሁሉ ከሴንት ሉዊስ ማምጣት አያስፈልገንም ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። በቅኔ ቤት፣ ዋሸራም ይሁን ዋድላ ወይም ጎንጅ፣ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶና ከነአካሄዱ ተረድቶ ሲያበቃ አልተመረቀም። ለብቻው ወደ ዱር ወይም ወደ ጥላ ይወጣና የራሱን ይቆጥራል፤ ያን ይዞ ወደ መምህሩ ተመልሶ ይናገራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ሲጀምር ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ እያለ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ውሎ አድሮም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በየቀኑ ከራሱ ማውጣት አለ፣ በየቀኑ መታረም አለ፣ የሥራው ክብደትም በመጠን ይጨምራል። የቁርኣን ደረሳም እንዲሁ ነው። በእንጨት ሰሌዳው፣ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን ያጠናል፤ ሸኹ ፊት ቀርቦ በቃሉ ሲወጣው ሉሁ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ሉሁን ማጠብ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት! እናንተ የሃንድአውታችሁን አንድ ገጽ በቃላችሁ ወጥታችሁ ብትቀዱት ትደፍራላችሁ? [ሳቅ] አይ፣ አትቅደዱት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ታወርሱታላችሁ።

የቅኔ ተማሪ ለአእምሮው ብርታት አብሾ ይጠጣ ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ዛሬ በፈተና ሰሞን ጫትና የኃይል መጠጥ ያንን ቦታ ይዘዋል። ስለ አብሾ የምለው የለኝም። ለሁለት ሌሊት ሳይተኛ የቀረ አእምሮ ግን ያነበበውን በሥርዓት እንደማያስቀምጥ በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ፤ እንቅልፍ ከጥናቱ ሰዓት የሚቀነስ አይደለም፣ የጥናቱ አካል ነው።

አሁን ከመካከላችሁ አንድ ሰው «መምህር፣ ይህ ሽምደዳ ነው እኮ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። የአብነት ትምህርትም በዚህ ይተቻል፤ በንባብ ቤት ልጁ የማይገባውን ግእዝ ለዓመታት ያነብባል፤ ፍቺው የሚመጣው በኋላ ነው። እኔ ግን ሽምደዳ የምለው ከራስ ማውጣትን ሳይሆን ያልገባን ነገር በድምፁ ብቻ መያዝን ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ደግሞ ሽምደዳን የሚወልደው የተማሪው ስንፍና ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ቋንቋው ነው። ይህን ነገር በዝርዝር ማየት እፈልጋለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ ከፊቴ የተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ የመጀመሪያውን ሳይንስ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ተምራችሁ፣ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ እንድታስቡ የተጠየቃችሁ ናችሁ። እንዲህ ያለ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በራሱ ቃል ለመለወጥ አቅም ያጣል። «አንድ ቃል ብለውጥ እሳሳታለሁ» ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ እንዳለ ይይዘዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንደኛ ዓመት ጠቅላላ ሳይኮሎጂ ኮርስ አንድ ተማሪ «ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት» የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ትርጓሜ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሳያጎድል ጻፈልኝ። ቢሮ ጠርቼ «እናቱ ጭቅጭቋን እንድታቆምለት ብሎ ውኃ የሚቀዳ ልጅ አለ፤ በማግሥቱም እንዳትነዘንዘው ፈጥኖ ይቀዳል። ይህ ምንድን ነው?» አልሁት። «ቅጣት ነው» አለኝ። ቅጣት አይደለም። ቅጣት አንድን ባሕርይ ያሳንሳል፤ እዚህ ግን ውኃ መቅዳቱ ጨመረ፤ የጨመረውም ደስ የማይለው ነገር ስለ ተወገደለት ነው። ልጁ ትርጓሜውን በቃሉ ይዞ ሳለ ነገሩ እጁ አልገባም ነበር። ከዚያ «ይህን በአፋን ኦሮሞ ለጓደኛህ አስረዳውና ተመልሰህ ና» ብዬ ሰደድሁት። ሲመለስ የራሱን ምሳሌ ይዞ ነው የመጣው፤ ታናሽ እኅቱ ስታለቅስ ስልኩን የሚሰጣት ወንድም። «ማልቀሷ ሲቆም እሱ ዐረፈ፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜም ይሰጣታል። እሷ ደግሞ ሽልማት አገኘች» አለኝ። እኔ ያላሰብሁትን ሁለቱንም ወገን አይቶታል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው ሰዋስዉ ተሰባብሮ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሙሉ ነበር።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው፣ መጽሐፉን ስትዘጉ መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ አስረዱት። ለመኝታ ክፍል ጓደኛችሁ፣ እሱ ከሌለ ለግድግዳው። ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ አሻግሩት። በዚህ አካሄድ የእንግሊዝኛ ድካማችሁ አይጠፋም፤ ያ ሌላ የረጅም ጊዜ ሥራ ነው። ነገር ግን የቋንቋውን ችግር ከሐሳቡ ችግር ለይታችሁ ታያላችሁ። ሁለቱ ተደባልቀው ሲኖሩ ነው ተማሪ «አይገባኝም» ብሎ በራሱ ላይ የሚፈርደው።

ስለ አሠራሩ አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ነበር። ማስመርና ደግሞ ማንበብ ጥቅማቸው አነስተኛ ነው ከተባሉት ውስጥ ገቡ፤ ከፍተኛ ጥቅም አላቸው የተባሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት መካከል ማከፋፈል። ከሌክቸር በወጣችሁበት ቀን ማታ፣ ደብተራችሁን ሳትከፍቱ በባዶ ወረቀት ላይ አሥር ደቂቃ ጻፉ። ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ያንኑ ርእስ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ እንዲሁ አድርጉ። ሌላ ቀለም ያልሁት ለጌጥ አይደለም፤ ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ስታዩት ድክመታችሁ የት እንደሆነ ያ ቀለም ያሳያችኋል።

የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሃያ ጊዜ ደጋግማችሁ አትሥሩ። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት በየዓይነቱ ለይተው የተለማመዱ ተማሪዎች በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ ሲያገኙ፣ አደባልቀው የተለማመዱት 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ አደባልቀው የተለማመዱት 63 በመቶ ላይ ተገኙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈተና ላይ «ይህ የምዕራፍ ሦስት ቀመር ነው» ብሎ የሚነግራችሁ የለም። ቀመሩን መምረጥ ራሱ መለማመድን ይፈልጋል።

ስለ ቡድን ጥናት ያለኝ ጥርጣሬ ብዙ ነው። አንድ ሰቃይ ተማሪ ሲያስረዳ ሌሎቹ አምስቱ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሁሉም ገብቶት ይነሣል፤ በእውነት ያጠናው ግን ያስረዳው አንዱ ብቻ ነው። ተራ እየገባችሁ፣ በተለይም ያልገባው ሰው እያስረዳ የሌሎቹ ሥራ ማረም ከሆነ፣ ያኔ ቡድኑ ዋጋ አለው። ስልክን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለአርባ ደቂቃ ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ወደ ተነሳሽነት ልምጣ። «ተነሳሽነት ሲኖረኝ አጠናለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔም እንደዚያ ብዬ አውቃለሁ። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከየት ይመጣል ብሎ ሲጽፍ፣ ከሁሉ የሚበረታው ምንጭ የሚያደፋፍር ንግግር ሳይሆን ሰው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር መሆኑን አስረድቷል። ንግግር የሚያስገኘው መነቃቃት ደካማ ነው፤ የመጀመሪያው እንቅፋት ሲመጣ ይጠፋል። ይህ ማለት የእኔም የዛሬው ንግግር እስከ ነገ ማታ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራላችሁ ማለት ነው። [ሳቅ] በባዶ ወረቀት ላይ ሰኞ አራት ነጥብ የጻፈ ልጅ ሐሙስ ዘጠኝ ነጥብ ሲጽፍ ግን፣ ማንም ሳይነግረው ያየው ነገር አለ። እንደ ገና ለመቀመጥ ጉልበት የሚሰጠው ያ ነው።

ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ «ፈተና አያቅተኝም» ብላችሁ ነው ወደዚህ ግቢ የገባችሁት፤ ምክንያትም አላችሁ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወንፊት ያለፈ ሰው በሚድ ፈተና ላይ ከ30 ዘጠኝ ሲያገኝ ራሱን የሚያይበት መስተዋት ይሰበራል። በሪሚዲያል ፕሮግራም በኩል የመጣው ደግሞ ያን ዘጠኝ «ድሮስ» ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱም ስለ አጠናናቸው የተነገራቸውን መረጃ ስለ ማንነታቸው እንደ ተነገረ ፍርድ አድርገው ወሰዱት።

ያን የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን ከዓመታት በኋላ አግኝቼዋለሁ። ኑሮው መልካም ነው፤ ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት። ቤቱ ጋብዞኝ ቡና ስንጠጣ የመጀመሪያ ልጁ በሒሳብ ዝቅተኛ ውጤት ማምጣቱን ነገረኝና «ምን ይደረግ፣ ወደ እኔ ወጥቶ ነው፤ እኔም ቀለም አይዘልቀኝም ነበር» አለ። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ግን አንተ መቼ ነበር የምታጠናው? ሁልጊዜ ካፌ ሰልፍ ላይ ነበር የማይህ» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርሁት። በሃንድአውቱ እንዳለፍሁ፣ እሱ ደግሞ በአእምሮው እንዳልወደቀ። ዝም ብሎ ቆየ። ደስ ያለው አልመሰለኝም፤ ሃያ ዓመት የተሸከሙት ነገር ስሕተት ነበር ሲባል ማን ደስ ይለዋል? ልጁን ግን ከዚያ በኋላ በስልክ ረድቼዋለሁ።

ሁሉም ችግር ከአጠናን የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ከቤተሰቡ ዜና ያጣ፣ ከጦርነት አካባቢ የመጣ፣ ካፌ ሲዘጋ የሚበላው የሌለው ተማሪ ባዶ ወረቀት ብቻ አያድነውም። እንዲህ ያለ ነገር የያዛችሁ ለምክር አገልግሎት ክፍሉ ንገሩ፤ ለእኔም ንገሩኝ።

በመጨረሻም ለባልደረቦቼ አንድ ቃል። እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ሚድና አንድ ፋይናል ብቻ ሰጥተን፣ ጥያቄውንም ከሃንድአውቱ እንዳለ ቀድተን ስናወጣ፣ ለሽምደዳ ደመወዝ እየከፈልን ነው። በመውጫ ፈተና ላይ ተማሪዎቻችን ሲቸገሩ እንገረማለን፤ የሦስትና የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ቀን ከራሱ እንዲያወጣ የምንጠይቀው ልጅ በየሳምንቱ እንዲያወጣ አድርገነው አናውቅም። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌክቸር የምጀምረው ባለፈው ሳምንት ትምህርት ላይ ሦስት ጥያቄ በመጠየቅ ነው። ነጥብ አይያዝበትም። አምስት ደቂቃ ይወስድብኛል፤ በዚያ ምክንያት በየመንፈቀ ዓመቱ ከምዕራፎቹ አንዱን ሳልጨርስ እቀራለሁ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን እዚህ ስላሉ በይፋ መናገሬ ነው። [ሳቅ] ቢሆንም አልተውሁትም።

አሁን ወደ ጥያቄና መልስ ከመሄዳችን በፊት ሁላችሁም ባዶ ወረቀት አውጡ፤ መምህራንም ጭምር። ማስታወሻ የያዛችሁ ደብተራችሁን ዝጉ። ከዚህ ንግግር ያስታወሳችሁትን፣ ቁጥሮቹንም ጨምሮ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ። አምስት ደቂቃ አላችሁ። ወረቀቱን አልሰበስብም። የጎደላችሁን ነገር ጥያቄ አድርጋችሁ አምጡልኝ፤ በዚያ እንጀምራለን።